የዓርብ አራት ሰዓት

ከድንበሩ ማዶ፣ ጋላባት ሻይ ቤት ውስጥ ለዓመታት ካርታ አብሬው የተጫወትኩ አንድ ሱዳናዊ ወዳጅ አለኝ። እጁ ላይ ረብ ያለው ካርታ ከሌለ ሻዩን ያነሳና ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻው ይጠጣል፤ ከዚያ ያለውን ሁሉ ያስይዛል። ይህን እንደማውቅበት ነግሬው አላውቅም። የአገሩ ጦርነት ከድንበሩ ካራቀው ወዲህ ስልኩ አይጠራም ነበር።

አንድ ቀን ከወዲያ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር መተማ ዮሐንስ፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ አስጠራኝ።

«መምህር፣ ወዳጅዎ ሰላም ብለውዎታል» አለኝ። «ኢንተርኔት ያለበት ቦታ አግኝተዋል። በስልክ የሚሆን የፖከር ካርታ ጨዋታ ይምረጥና ስሙን ይላክልኝ፣ ዓርብ ዓርብ በአራት ሰዓት ከጠረጴዛው አልጠፋም ብለዋል። እኔ ነገ ተመላሽ ነኝ።»

በሬ ሲገዙ አስቀድመው ጥርሱን ያያሉ፤ የስልክ ጨዋታ ግን ጥርሱን የሚያሳየው ቤት ከገባ በኋላ ነው። አንዱ ገና ሲከፈት የባንክ ቁጥሬን ጠየቀኝ፤ አጠፋሁት። ሁለተኛው ለእኛ ኔትወርክ ከበደ። ሦስተኛው ላይ የማላውቃቸው ሰዎች በጽሑፍ ይሰዳደባሉ። የመረጥኩት አራተኛውን ነው። ቀላል ነው፣ ገንዘብ አይጠይቅም፣ በምስጢር ቁጥር የራሳችንን ጠረጴዛ ይከፍትልናል። ስምም አይጠይቅም፤ የገባውን ሁሉ «እንግዳ» ይለዋል። መጻጻፊያ የለውም። ያኔ ይህን እንደ ጨዋነት ቆጠርኩለት። የጨዋታውን ስምና የጠረጴዛውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፌ ለሾፌሩ ሰጠሁት።

መልእክቱ ከወዲያ ስለመጣ፣ አራት ሰዓት ያለው በሱዳን አቆጣጠር መሰለኝ። ሰዓታቸው ከእኛ በአንድ ሰዓት ስለሚዘገይ፣ የእነሱ የከሰዓት አራት ለእኛ አሥራ አንድ ነው። ዓርብ በአሥራ አንድ ተቀመጥኩ። ማንም የለም። በሁለተኛው ዓርብም የለም። በዚያው ሰሞን እሱ ካለበት አካባቢ የሚሰማው የተኩስ ወሬ ብቻ ነበር፤ ሾፌሩም አልተመለሰም። ፈራሁ። ሞቷል የሚለውን ቃል ለራሴም ደፍሬ አልተናገርኩትም።

በሦስተኛው ዓርብ ከጠረጴዛው ጥግ አንዲት ደቃቅ ጽሑፍ አየሁ፤ የመጨረሻው እንግዳ የገባው ከሰባት ሰዓት በፊት ነው ትላለች። ከአሥራ አንድ ላይ ሰባት ሲቀነስ አራት። በእኛ አራት፣ ረፋዱ ላይ። የማስተምረው ሒሳብ ነው፤ ሦስት ሳምንት ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ከርሜያለሁ።

እኔ ለእሱ ብዬ በእሱ ሰዓት ስጠብቅ፣ እሱ ለእኔ ብሎ በእኔ ሰዓት ሲጠብቅ ኖሯል። ሻይ ቤቱ ውስጥም እንዲሁ ነበርን፤ እኔ በተሰባበረ ዓረብኛ እጀምራለሁ፣ እሱ በተሰባበረ አማርኛ ይመልስልኛል። አገሩ እየነደደ የእኔን ሰዓት ማስላቱ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። የእንዲህ ያለ ሰው ወዳጅ ለመባል ምን ሠርቼ እንደሆነ አላውቅም።

በአራተኛው ዓርብ ክፍሌን ለባልደረባዬ አደራ ብዬ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ከግቢው ኒም ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። «እንግዳ» ገባ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ጥርጣሬ ያዘኝ። ቁጥሩን ሾፌሩም ያውቀዋል፤ ወረቀቱ የማን እጅ ገብቶ እንደሆነስ ማን ያውቃል? ፊት የለ፣ ድምፅ የለ።

ጥቂት ዙር ቶሎ ቶሎ ተጫወተ። ከዚያ ለእኔ ሁለት ንጉሥ ደረሰኝ፣ የሚያሸንፍ ካርታ፤ ተራው ግን የእሱ ነበር። ለማሰቢያ የተሰጠው ሠላሳ ሰከንድ መቆጠር ጀመረ። ሃያ ቀረው። አሥር ቀረው። ሁለት ሲቀረው ያለውን ሁሉ አስያዘ።

ሻዩን ጠጥቶ መጨረሱ ነበር።

ዓይኔ እንባ ሞላ። ወዳጄ በሕይወት አለ፤ እጁም ባዶ ነው። ሁለቱን ንጉሦች ጥዬ ዙሩን ለቀቅኩለት።