ቃሬዛ የማያሳልፍ በር

ከደሴ በላይ ያለው የተራራ ጎን ፓርክ ይሆናል በተባለ ጊዜ ተቃዋሚ አልነበርኩም። ደኑ ተመንጥሮ ጎርፉ በየክረምቱ ወደ ከተማው ሲወርድ ያየሁ ሰው ነኝና መሬቱ ትንሽ ቢያርፍ እወድ ነበር። ደግሞም ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በማስተማርና በዝምታ ነው። ስለዚህ ጡረተኞች መጥታችሁ ጎብኙ ሲባል ካፖርቴን ደርቤ ወጣሁ።

አብረውኝ የወጡት ጎረቤቴ ሐጂ ነበሩ። በዕድሜ ይበልጡኛል፤ ልባቸውም ከደከመ ቆይቷል። ባለቤታቸውን የቀበርነው ከዚያው ተራራ ትከሻ፣ የአባቶቻቸው መቃብር ካለበት ነው፤ እሳቸውም ከጎኗ መቀበር እንደሚሹ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በእኛ ዘንድ ሟች በመኪና አይሸኝም። ቃሬዛው ከትከሻ ወደ ትከሻ ይሸጋገራል፤ ሙስሊሙ ከአላህ ለሚያገኘው አጅር፣ ክርስቲያኑ ለጉርብትናው ይሸከማል። በመንገዱ አጋማሽ አንድ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ቃሬዛው እዚያ ያርፍና ተሸካሚ ይለወጣል። የሐጂን ባለቤት እስከዚያ ድንጋይ ካደረሷት አንዱ እኔ ነበርኩ።

ያ መንገድ አሁን የእግር ጉዞ መስመር ተብሎ ዳርና ዳሩ ኖራ በተቀባ ድንጋይ ተከቧል። መግቢያው ላይ ኮምቦልቻ ተበይዶ የመጣ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የብረት በር ቆሟል። ከብት እንዳይገባ ተብሎ ጠመዝማዛ ተደርጓል፤ ሰው ትከሻውን እያዞረ አንድ በአንድ ያልፍበታል። ግራና ቀኙ እሾሃማ ሽቦ ነው። የሚያስጎበኘን ወጣት የፓርኩ ባለሙያ አካባቢው ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ መደረጉን በኩራት ገለጸልን። አባቶቻቸውን እዚያ የቀበሩ ሰዎች በአንዲት ቃል ከከብት ጋር ተደምረው ንክኪ ሆኑ።

ሐጂ ከዘራቸውን አግድም ይዘው ወደ በሩ ገቡ። ከዘራው ብረቱን መታና ቆመ። ዞር ብለው ባለሙያውን ጠየቁት።

«ልጄ፣ ቃሬዛ በየት በኩል ነው የሚገባው?»

ባለሙያው ስለ ቃሬዛ አስቦ እንደማያውቅ ፊቱ ተናገረ። ወደፊት የመቃብሩ ቦታ በጥናት እንደሚዛወር፣ እስከዚያው ቢሮ ማመልከት እንደሚቻል አስረዳ።

«እንግዲያስ» አሉ ሐጂ፣ «ሳልሞት በእግሬ ልግባና ውስጥ ሆኜ ልጠብቃችሁ።»

ጎብኚው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ወደ ላይ ስንዘልቅ ከድንጋዩ መሐል፣ ቃሬዛ በሚያርፍበት፣ በሲሚንቶ የተተከለ የብረት ምሰሶ አገኘን። ሰሌዳው ቆሻሻ መጣል ክልክል ነው ይላል። ሐጂ መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ አሳርፈው አለፉ።

በማግስቱ ስለ በሩ ላመለክት ወደ ፓርኩ ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው በትሕትና አስቀመጠኝ፣ ጥያቄዬ ተገቢ መሆኑንም መሰከረልኝ። ነገር ግን ፀረ ልማት ኃይሎች እንዳይጠቀሙበት እንድጠነቀቅ መከረኝ፤ በሩ በሚቀጥለው ዕቅድ ይታያል አለ። አመስግኜ ወጣሁ። ያመሰገንኩበት አፍ እስከ ቤቴ ድረስ መረረኝ።

ሐጂ ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ። በሩም፣ ዕቅዱም እንደነበሩ ናቸው። ቃሬዛው በዝናብ ውስጥ ከበሩ ደረሰ፤ የፊት ተሸካሚዎች ገቡ፣ ቃሬዛው ግን አልታጠፍ አለ። የበሩ ጥበቃ አንገቱን ደፋ። አንዱ በገመድ እንሰራቸውና በጎን አዘንብለን እናሳልፋቸው አለ። ገመድ ፍለጋ የሄደም ነበር።

«ሐጂን በጎን አታስገቧቸው» አልኩ። «በሩን ንቀሉት።»

ሳስተምር ክፍል ውስጥ እንኳ ያልተጠቀምኩበት ድምፅ ነበር። የሚከራከረኝ አልተገኘም። ሰዎቹ ብረቱን ያዙ፤ ዝናብ ያራሰው መሬት ቶሎ ለቀቀው። ድንጋዩ ጋ ስንደርስ ግን ምሰሶው መሐል ቆሞ ነበርና ማሳረፍ አልተቻለም። ሐጂን በትከሻችን ላይ እንደያዝን ተሸካሚ ለወጥን፤ ጭቃው ሲያንሸራትተን ቃሬዛው ሁለት ጊዜ ተንገዳገደ። እንደዚያ ሆኖ ከባለቤታቸው ጎን ቀበርናቸው።

በሩ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ተተከለ። ሲሚንቶው ወፍሯል፤ ስፋቱ ያው ነው። ቀበሌ ጠርተው ማን እንዳስነቀለ ሲጠይቁኝ፣ እኔ ነኝ አልኩ። ንብረት ማጥፋት ምን እንደሚያስከትል በዝርዝር ነገሩኝ። አዳምጬ ሲጨርሱ የሐጂን ጥያቄ ጠየቅኋቸው። «ቃሬዛ በየት በኩል ነው የሚገባው?»