ጀርባው ያማረው መዘውር

ጀርመን አገር ፕላውን ወደምትባል ከተማ ጥልፍ ሊገዛ የመጣ ሰው ፊቱን አያይም፤ ገልብጦ ጀርባውን ነው የሚያየው። ፊቱንማ ማንም ያሳምረዋል። ጀርባው ላይ ክር ከተንጠለጠለ ወይ ቋጠሮ ካበጠ፣ ጠላፊዋ ሰነፍ ናት ተብሎ ጨርቁ ይመለሳል። ሮስቪታ ዛይፈርት ይህን የተማረችው በልጅነቷ ነው። እሷ የጠለፈችውን እናቷ ገልብጣ ታይና፣ መቀሷን አንስታ ትተረትርባት ነበር።

ምሥራቅና ምዕራብ ጀርመን አንድ ከሆኑ በኋላ የከተማው ጥልፍ ቤቶች ተራ በተራ ተዘጉ። መጋረጃው ከሩቅ አገር በርካሽ ይገባ ጀመር። ሮስቪታ የምትሠራበት ቤት እንደ ምንም ቆየ፤ ያቆየውም ታይሽማን የሚባል መሐንዲስ ነው። አንድ ቀን ከድሬስደን መጣና ጥቁር የካርቦን ክር የተጠቀለለበትን እንዝርት ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

“ይህን ትጠልፉልኛላችሁ?” አለ።

“ምን ሊሆን? የሐዘን ልብስ?” አለች ከሮስቪታ ጎን ባለው ማሽን የምትሠራው ማርጊት። ሴቶቹ ሳቁ።

“የኮምፕረሰር መዘውር” አለ እሱም እየሳቀ። የትልቅ ማቀዝቀዣ እንፋሎት የሚጨምቅ፣ ክንፍ ያለው መዘውር ነው። “ብረቱ በዚያ ፍጥነት ሲሽከረከር የገዛ ክብደቱ ይበጣጥሰዋል። ይህ ክር ግን ቀላል ነው፤ ኃይሉ በሚጎትተው አቅጣጫ ከዘረጋችሁት ንቅንቅ አይልም። እናንተ ክሩን ስስ ጨርቅ ላይ እያዞራችሁ በስፌት ትይዙልኛላችሁ፣ እኔ ሙጫ አጠጥቼ ምድጃ ውስጥ አደርቀዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ መርፌ በወጋው ቁጥር ክሩ ይቆስላል። ስፌቱን አታብዙት።”

የሮስቪታ ጆሮ ሰማ። እጇ ግን አልሰማም። መዘውሩን ጨርሳ ስትገለብጠው ጫፎቹ ልቅ ሆነው ታዩዋት፤ በመሀሉ ቀዳዳ ዙሪያ ጥብቅ ያለች፣ ደቃቅ የስፌት ቀለበት አዞረችበት። ያኔ ደስ አላት። ከዚያ ወደ ማርጊት ሥራ ዞረች።

“አንቺ፣ ይሄ ምንድን ነው? ድመት የተጫወተችበት ይመስላል!”

“በሙጫ ተነክሮ ለሚጋገር ነገር ምን አስጨነቀሽ? የሚለብሰው የለ።”

“መዘውሩን የሚገዙት ሰዎች ያዩታላ!”

“እነሱ የማሽን ሰዎች ናቸው፣ ሮሲ። መጋረጃ ነጋዴ መሰሉሽ እንዴ?”

የጥልፍ ቤቱ ባለቤት ነገሩን ሳይደብቅ ነግሯቸዋል። ገዢዎቹ መጥተው አንድ መዘውር ፊታቸው ይሽከረከራል። ከጸና የዓመታት ሥራ አለ። ካልጸና ቤቱ ከገና በፊት ይዘጋል። ታይሽማን የደረቁትን ሁለት መዘውሮች ይዞ መጣ፣ አንዱ የሮስቪታ፣ አንዱ የማርጊት።

“በሚዛን ሁለቱም እኩል ናቸው” አለ። “የቱን እንውሰድ?” የሮስቪታን ገለበጠው። ቀለበቷ በሙጫው ውስጥ ታበራለች። “ይሄስ ሲያዩት ያምራል” አለ፣ ስፌት አታብዙ ያለው እሱ ራሱ።

“የማርጊትን ከወሰዱማ አዋረዱን” አለች ሮስቪታ።

ማርጊት ትከሻዋን ሰበቀች። “ውሰዱላት ባካችሁ፤ አለዚያ እንቅልፍ አይወስዳትም።”

ሴቶቹ ሁሉ የፕለም ኬክ ጋግረው በአውቶቡስ ድሬስደን ወረዱ። ከገዢዎቹ አንዱ፣ መዘውሩ ወደ መሞከሪያው ጉድጓድ ከመግባቱ በፊት ተቀብሎ ገለበጠው፤ እንደ ፕላውን ሰው። “ግሩም ነው! የማን እጅ ነው?” አለ። ሮስቪታ እስከ ጆሮዋ ቀላች፤ ማርጊትንም በጎን አየቻት።

ከባዱ የብረት ክዳን ተዘጋ። በመለኪያው መስታወት ላይ የፍጥነቱ ቁጥር ከፍ ማለት ጀመረ፤ ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄደ። ከተፈለገው ፍጥነት ሳይደርስ ወለሉ ከእግራቸው በታች አንዴ ዘለለ። ከዚያ ድምፁ ተቋረጠ።

ክዳኑ ሲነሣ ጉድጓዱ ውስጥ የነበረው ጥቁር ብናኝና ስብርባሪ ነው። ታይሽማን አንዱን ስባሪ አነሣ። ጠርዙ እንደ ቴምብር ጠርዝ፣ በተደረደሩ የመርፌ ቀዳዳዎች ላይ ተቀዶ ነበር። ሮስቪታን አየና ወዲያው ዓይኑን ሰበረ። መናገር አላስፈለገውም፤ እሷ ቀለበቷን አውቃዋለች። ገዢዎቹ ለኬኩ በትሕትና አመስግነው ሄዱ።

በኅዳር ማሽኖቹ እየተፈቱ ሳለ ስልክ ጮኸ። ያነሣችው ሮስቪታ ናት።

“ለማወቅ ያህል የማርጊትን አሽከረከርኩት” አለ ታይሽማን። “ከተፈለገው አልፎ ሄደ። ያቆምኩት ሞተሩ ከዚያ በላይ ስለማይችል ነው። እባክሽ ንገሪያት።”

“ገዢዎቹስ?”

“እነሱ ከሌላ ጋር ተዋውለዋል።”

ሮስቪታ ስልኩን ዘጋች። ልትደብቀው ትችል ነበር፤ አልደበቀችውም። ማርጊት ሽርጧን አጣጥፋ ከረጢቷ ውስጥ እየከተተች ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

“እንግዲህ ድመቷ ጎበዝ ነበረች” አለች።

ማንም አልሳቀም።

ዛሬ ሮስቪታ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሱሪ ታሳጥራለች። ደንበኞቿ ስፌቷን ገልብጠው አያዩም፤ እሷ ግን ዛሬም ጀርባውን ታሳምራለች፣ ሌላ አሠራር አታውቅም። ማርጊት በገበያ አዳራሹ ሒሳብ ተቀባይ ሆናለች። ሮስቪታ ዳቦዋንና ቅቤዋን ይዛ ስትመጣ የማርጊት መስመር ባዶ ቢሆንም፣ ሄዳ የምትሰለፈው ከሌላው ረጅም ሰልፍ ነው።