ቀን ያልተቆረጠለት ግዝት

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። እኔ ግን ጉዱን የሰማሁት በግንቦት ነው።

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ከዳባት ወጣ ባለች የገጠር ቀበሌ ሥራ አስኪያጅ ሆኜ ተመደብኩ። ማኅተም በኪሴ፣ ደንብ በጭንቅላቴ! መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ ከመንደሩ በላይ ያለውን ራቁት ኮረብታ ከከብት መከለል ነበር። ሕዝቡ በጥር ወጥቶ እርከን ሠራ፤ በክረምት ችግኝ ተከለ። ደንብም አወጣን፤ ጠባቂም ቀጠርን። ምን ዋጋ አለው! ጠባቂው ምሳውን ሊበላ ሲወርድ ፍየሉ ይወጣል። ችግኙ ሁለተኛ ጊዜ ተበልቶ ሳገኘው እንደ እብድ ጮህኩ።

ጩኸቴን የሰሙ አንድ ሽማግሌ «አይ ልጄ፣ ደንብ ምን ያደርግልሃል? ግዝት አስነግር እንጂ» አሉኝ። ሳቅሁባቸው። ግን ጨንቆኝ ስለነበር የደብሩን አረጋዊ ቄስ ሄጄ ለመንኳቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው፣ «ከዚያ ኮረብታ ሣር ያጨደ፣ ከብት ያሰማራ፣ በአፈ ጴጥሮስ ወጳውሎስ የተገዘተ ይሁን!» አሉ። ሕዝቡ አሜን አለ። እስከ መቼ ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም ቀን አላስቆረጥኩም።

ከዚያ ወዲያ ጠባቂውን አሰናበትኩት። በሦስተኛው ዓመት ሣሩ ወገብ ደረሰ፤ ደርቆ የከረመው ምንጭም ከሥር መንጠባጠብ ጀመረ። ከወረዳ እየመጡ አጨበጨቡልኝ፤ እኔም ሳላፍር ጭብጨባውን ተቀበልኩ።

በዚያው ዓመት በረዶ ገብሱን አነጠፈው። ገብስ ከሌለ ጭድ የለም፤ ግንቦት ሲገባ ከብቱ አጥንቱ ወጣ። እኔ የምኖረው አንዲት ባልቴት ቤት ተከራይቼ ነበር። እትዬ ያላቸው ሀብት አንድ ቀይ በሬ ነው። የጎረቤታቸውም በሬ አንድ ነው፤ ሁለቱን አቀናጅተው በየተራ ያርሳሉ። ስለዚህ ቀዩ ከወደቀ የሁለት ቤት እርሻ ጾሙን ያድራል ማለት ነው።

«ሣር እያለልን!» አልኩና ደብዳቤ ጻፍኩ። ከነገ ጀምሮ አጭዶ መውሰድ ተፈቅዷል፤ ማኅተም፣ ፊርማ። በቀበሌው በር ለጠፍኩት፤ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅም አስነበብኩት። በነጋታው ማለዳ ትርምሱን ላይ ብዬ ኮረብታው ጫፍ ወጣሁ።

አንድ ሰው የለም! አንድ ማጭድ እንኳ! ሣሩ ብቻውን ይወዛወዛል፤ ከታች ከብቱ አፈር ይልሳል። ያ ሁሉ ሕዝብ ማኅተሜን አይቶ፣ አንብቦ፣ ራሱን ነቅንቆ ቤቱ ገብቷል።

ወደ ሌሎቹ ቀሳውስት ሮጥኩ። «የገዘቱት አባት በሕይወት እያሉ እኛ አንፈታም» አሉኝ። እሳቸው ደግሞ ታመው ከሊማሊሞ በታች ጠበል ላይ ናቸው። ገበሬውን ሂዱና አስፈቱ ብል፣ «ለከብቴ ሆድ ብዬ የታመመ ካህን ላስጨንቅ?» ይለኛል። እኔስ? እኔማ ደብዳቤ ላክሁላቸው። ለካህን ደብዳቤ! አፈር ልብላ!

ሳምንት አለፈ፤ መልስ የለም። አንድ ጠዋት ቀዩ በሬ መነሳት አቃተው። ብስጭቴ አናቴ ላይ ወጣ። ማጭድ አንስቼ ኮረብታው ላይ ወጣሁና ሸክም ሙሉ አጭጄ በሬው ፊት ዘረገፍኩት።

እትዬ ከጓዳ ወጡ። ሣሩን አዩ፤ ማጭዱን አዩ። በሬው ምላሱን ሳይሰድ አፍሰው ከበረቱ ውጭ ጣሉትና ደረታቸውን መቱ።

«ኧረ በሥላሴ! አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ?»

«እትዬ፣ በሬው እኮ ሊሞትብዎ ነው!»

«ቢሞት በሬ ነው። አንተ እናት አለችህ! ተገዝተህ ልትኖር ነው?»

አለቀሱ። ለበሬው አንዲት እንባ ያላፈሰሱ ሴትዮ ለእኔ አለቀሱ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ «ውሃ አጠጣው» ብለውኝ ወጡ። ወዴት ብዬ ብከተላቸው፣ «አባ ዘንድ ሄጄ ላስፈታህ ነዋ! ለበሬዬማ አልሄድኩም ነበር» አሉኝ። በዚያ ዕድሜያቸው፣ ያንን ቁልቁለት!

በሬው በነጋታው ቀትር ላይ ሞተ። አንገቱን ታቅፌ በጣሳ ውሃ እያፈሰስኩለት ነበር፤ ውሃው በአፉ ዳርና ዳር ወረደ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ድምፃቸው ከአጥሩ ውጭ ተሰማኝ። «ልጄ! ተፈትተሃል! እልል በል፣ ኮረብታውም ተፈቷል!» እያሉ ገቡ፤ እግራቸው አቧራ ለብሷል፣ ፊታቸው ግን በርቷል። «ደብዳቤህን ያነበበላቸው የለም፤ ዓይናቸው ጠፍቷል። መጥቶ ቢነግረኝ ያን ዕለቱን እፈታው ነበር አሉ።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ያን ዕለቱን! በአውቶቡስ ደባርቅ፣ ከዚያ ቁልቁል የግማሽ ቀን መንገድ፤ እኔ ግን ቢሮ ተቀምጬ መልስ ስጠብቅ ነበር።

እትዬ በትከሻቸው እቅፍ ሣር ተሸክመዋል፤ ሲመለሱ ከኮረብታው በእጃቸው የነጩት ነው። በቀጥታ ወደ በረቱ አመሩ። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ዞር በልልኝ እንጂ ልጄ» አሉኝ፤ «ርቦታል።»