አለቃ ሽቦ እና መልስ የማይሰጠው ማሽን

አለቃ ሽቦ ቁጣቸው አፍንጫቸው ላይ ነው። ስሙን ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር መስመር የተዘረጋው በእሳቸው እጅ ነበርና። አሁን ግን በገዛ ቤታቸው አንዲት ድረ ገጽ ለማየት ተገትረው ይጠብቃሉ። ገጹ ባዶ ነው፤ የመጠበቂያው ክብ ይዞራል፤ የእሳቸውም ደም ይፈላል።

ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ለመናገር አላመነቱም። ኮምፒውተሩ ላይ ሊኑክስ የሚባለውን አዲስ ሥርዓት የጫነው የልጃቸው ባል ነው፤ "ፈጣን ነው አባባ፣ ይወዱታል" ብሎ። ባለፈው እሁድ መጥቶ የኢንተርኔት ቅንብሩን አየና፣ "ይቺ ከላይ ያለችው ቁጥር የድሮ ናት መሰለኝ፤ ብናወጣትስ?" ቢላቸው እሳት ጎረሱ።

"ቁጥሬን እንዳትነካ። እኔ እሷን ስተክል አንተ ጥርስ አላበቀልክም። ያበላሸኸውን ሳታቃና በዚህ በር አትገባም።"

ልጃቸው ሕፃን ልጇን አንስታ አቀፈች። "እሱ ካልገባ እኔም አልገባም፣ አባዬ" ብላ ባሏን ተከትላ ወጣች። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ በዚያ ቤት የሰው ድምፅ የሚሰማው እነሱ ሲመጡ ብቻ ነበር።

ይኸው እሁድ ተመልሶ መጣ፤ በሩን የሚያንኳኳ የለም። አለቃ ሽቦ ጥርሳቸውን ነክሰው ማሽኑን ያዙ። የኢንተርኔት ሳጥኑን ነቅለው ሰኩ። ድረ ገጽ የሚከፍተውን የማሰሻ ፕሮግራም ኮተት ጠራርገው ጣሉ፤ ሌላ ማሰሻም ጫኑ። ዞሮ ዞሮ ያው ሆነ። ወደ ኢንተርኔት አቅራቢው ድርጅት ደውለው ቢጮኹ ስልኩን ያነሳችው ሠራተኛ "መስመርዎ ደህና ነው አባቴ" አለቻቸው፤ ይሄ ደግሞ ባሰ አናደዳቸው።

ኋላ ላይ አንድ ነገር አስተዋሉ። ቪዲዮ አንዴ ከጀመረ ያለ እንከን ይፈስሳል። የሚንቀረፈፈው አዲስ ገጽ ሲጠራ ብቻ ነው። መስመሩ ቀጭን ቢሆን ቪዲዮውም ይቆራረጥ ነበር። ኮምፒውተር የድረ ገጽ ስም ሲሰጡት፣ አድራሻው የት እንደሆነ መጀመሪያ ሌላ ማሽን ይጠይቃል። ታዲያ የእሳቸው የሚጠይቀው ማንን ነው?

ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍተው በቅንብሩ የተጻፉትን ሁለት ተጠያቂ ማሽኖች በየተራ ጠየቁ። ሁለተኛው ወዲያው መለሰ። የመጀመሪያው ዝም። ደገሙት፤ አሁንም ዝም። ያቺው ከላይ ያለችው ቁጥር፣ የድሮው ማሽናቸው አድራሻ ነበረች። በመሥሪያ ቤቱ የተከሏት፣ ከቤትም ሆነው የሚጠይቋት፣ ሊኑክስ የተጫነ ዕለት በቃላቸው ከላይ ያስገቧት። ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዷ ገጽ መጀመሪያ እሷን እየጠየቀ፣ መልስ ሲያጣ ነው ወደ ሁለተኛው የሚሄደው።

ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው ደውለው ስለ ማሽኑ ጠየቁ። ተረኛው ዘበኛ ድምፃቸውን ለየ። "እሱ ማሽንማ ከተነቀለ ቆየ፣ አለቃ። ክፍሉን የተሰበረ ወንበር ሞልተንበታል።"

"ለኔ ማን ነገረኝ?" ብለው ጮኹ። ስልኩን ዘጉና በክፍሉ ተንጎራደዱ። ዕድሜያቸውን የሰጡበትን ነገር ነቅለው ሲጥሉ አንድ ሰው እንኳ አልደወለም። የነቀሉትን ረገሙ፤ ወንበሮቹንም ረገሙ። ተቀምጠው ቁጥሯን ሲሰርዙ ግን የሚረግሙት ሰው አለቀባቸው። ገጹ መነጽራቸውን ሳያስተካክሉ ተከፈተ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባላል፤ የልጃቸው ባል ከመጀመሪያው ጣቱን ያሳረፈው በትክክለኛው ቦታ ነበር።

ስልኩን እንደገና አነሱ።

"ባልሽ አለ?" አሉ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ።

ልጃቸው ቆጣ ብላ መለሰች። "አለ። ደግሞ ምን አደረገ?"

አለቃ ሽቦ ተነስተው በሩን ከፈቱ።

"ምንም አላደረገም" አሉ። "በሩ ክፍት ነው በይው።"