በር ላይ የቀሩ እንግዶች

ቢቸና፣ እናቴ ቤት ቁጭ ብዬ የሞጣ ነጋዴዎች ዕቃ የሚሸጡበትን ድረ ገጽ እጠግን ነበር። ጠዋት ደህና ይሠራል፤ ከሰዓት በኋላ መረጃው የሚቀመጥበት ዳታቤዝ ሞልቻለሁ፣ ሌላ ግንኙነት አልቀበልም ይላል። ኔትወርኩን ረገምኩ፤ መብራቱን ረገምኩ። ለዳታቤዙ የሚላኩትን ጥያቄዎች፣ ኩዌሪዎቹን፣ አንድ በአንድ ፈተሽኩ፤ የዘገየ የለም።

እንቅልፍ እንቅልፍ እያለኝ በመስኮት አየሁ። ከሞጣ የመጣችው አክስቴ ከተሰናበተች ቆይታለች፤ ግን ከእናቴ ጋር የአጥሩ በር ላይ ቆመዋል። ይሳሳማሉ፣ ደግሞ አዲስ ወሬ ይነሣል። የክረምቱ ጉም እስከ ጉልበታቸው ሸፍኗቸው የሚንሳፈፉ ይመስላሉ።

ወደ ስክሪኑ ዞርኩ። የተከፈቱትን ግንኙነቶች ስዘረዝር አብዛኞቹ ሥራቸውን ጨርሰው ዝም ብለው የቆሙ ናቸው። ኮዴ ከፍቶ ያስገባቸዋል እንጂ አይሸኛቸውም። ጉዳዩን የጨረሰ ሁሉ ወዲያው እንዲዘጋ አንድ መስመር ጨመርኩ። ድረ ገጹ ተነሣ።

ቀና ስል በሩ ላይ ማንም የለም። እናቴ አክስቴን እስከ መናኸሪያ ልትሸኛት ሄዳለች።

ሲመሽ ሁለቱም አብረው ተመለሱ። ወሬው ሳያልቅ መኪናው ሄዷል።