የጋሳዌ ጥቁር ጸጉር

ጋሳዌ ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው በፓፑዋ ኒው ጊኒ፣ ወንዙ ባሕር በሚገባበት አፍ ላይ፣ ማንግሮቭ በሚባሉት የባሕር ዳር ጭቃ ዛፎች መካከል ሸርጣን እየያዘች ነው። ክንዷን እስከ ትከሻዋ ጭቃው ጉድጓድ ውስጥ ሰዳ፣ «ውጣ እንጂ! ምን ትሽኮረመማለህ፣ ሙሽራ ነህ?» ትለዋለች ሸርጣኑን። አምስት ወልዳ ሁለቱን ቀብራለች፤ ባሏን ባሕር ወስዶባታል። ያም ሆኖ በመንደሩ ሳቅ ከተሰማ መነሻው እሷ ናት። ስብከት የረዘመ ዕለት፣ ፓስተሩ ደጅ ያወለቀው ጫማ ውስጥ ሸርጣን ከታበታለች። ሲቆጣትም፣ «እግዚአብሔር ሳቅ ባይወድ ኖሮ ሸርጣንን በጎን ባላስኬደው» አለችው። ሁሉም «ቡቡ» ይላታል፤ አያቴ ማለት ነው።

ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ዝናቡ ወቅቱን ስቷል። ወንዙ በሞላ ቁጥር ላይኛው አገር ወርቅ ከሚታጠብበት ስፍራ ጭቃውን ጠራርጎ ያወርዳል። ወርቅ አጣቢዎቹ የወርቁን ብናኝ የሚሰበስቡት ባዜቃ በሚባለው መርዛማ ፈሳሽ ብረት ነው፤ ባዜቃውም ከጭቃው ጋር መጥቶ በማንግሮቩ ሥር ይተኛል።

«ትንሹ ዓሣ ባዜቃውን ከጭቃው ይወስዳል፣ ትልቁ ትንሹን ይበላል፣ እናንተ ትልቁን ትበላላችሁ» አለች ከጤና ጣቢያ የመጣችው ነርስ፣ ሲስተር ኬላ። «በሰውነታችሁ ምን ያህል እንዳለ ለማወቅ ትንሽ ጸጉር ስጡኝ።»

መንደሩ ተንጫጫ። ጸጉር ባዕድ እጅ ከገባ መተተኛ እጅ የማይገባበት ምን ዋስትና አለ? በመጨረሻ ሁሉም በየቤቱ ቆርጦ፣ ፖስታ ውስጥ ከቶ በገዛ እጁ አሽጎ እንዲያመጣ ተስማሙ። እርጉዞቹ ግን እሱንም እንቢ አሉ።

ጋሳዌ መቀስ ይዛ እቤቷ ገባች። ሽበቷን አንዴ ነካ አድርጋ ተወችው። ጥቁሩ ውሻዋ በምሰሶ ላይ ከቆመው ቤት ሥር ተጋድሟል።

«አንተ እንኳ ጠላት የለህም» አለችና ወርዳ ከአንገቱ ጸጉር ሸለት አደረገች።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ሲስተር ኬላ ውጤቱን ይዛ መጣች። እሁድ ነበርና ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ዛፉ ሥር ተሰብስቧል።

«ቡቡ ጋሳዌ! ባዜቃው ከመንደሩ ሁሉ የበዛው በእርስዎ ጸጉር ነው። ትልልቅ ዓሣ ያዘወትራሉ?»

«እኔ? በዚህ ጥርሴ? ጎደሬና ሸርጣን እንጂ።»

«ጸጉርዎ ደግሞ እንደ ከሰል ጥቁር ነው ተብሎ ተጽፏል።»

ጋሳዌ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች። «የኮኮናት ዘይት ነው፣ ልጄ።»

«ኧረ ለእኛም ጠብ አድርጊልን!» አለ ሽማግሌው ታይንግ፤ መላጣ ነው። ሰዉ በሳቅ አለቀ።

«ግድ የለም» አለች ነርሷ ወረቀቱን እየገለጠች። «በእርስዎ ዕድሜ ይህን ያህል አያሰጋም። የምፈራው በማሕፀን ላለ ሕፃን ነው፤ አእምሮውን ይጎዳል።»

ጋሳዌ ወዲያው ውሻዋ ትዝ አላት። ያ ውሻ የሚበላው ከአንድ ሳህን የተረፈውን ብቻ ነው። ሳህኑ የምራቷ የያሊንግ ነው። ያሊንግ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ባሏ ከሚያመጣው ባራሙንዲ ከተባለ ትልቅ ዓሣ ጭንቅላቱንና ሆዱን እየመረጠች፣ «ብዪ፣ ሁለት ነሽ» እያለች ያጎረሰቻት ራሷ ጋሳዌ ናት።

ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ዓይኗን ጨፈነች፤ ጌታ ሆይ፣ አፌን አንተ ክፈተው አለች በልቧ። ከዚያ ተነሣች።

«ሲስተር፣ ያ ጸጉር የኔ አይደለም። የውሻዬ ነው።»

ታይንግ በሳቅ ከተቀመጠበት አግዳሚ ወንበር ወደቀ። «ውሻው ይታከማ! አልጋ አዘጋጁለት!»

«ሳቁ፣ ሳቁ! ውሻ ዓሣ አያጠምድም። ከማን ሳህን ይበላል ብላችሁ ለምን አትጠይቁኝም?»

«ከማን ነው?» አለች ነርሷ።

«ከልጄ ሚስት።»

«ስሟ ማን ነው?»

«የምራቴን ስም በአፌ ልጥራ? በእኛ ዘንድ ነውር አይደል? ምን በደልኩሽ?»

«ያሊንግ!» ብሎ መንደሩ በአንድ ድምፅ ተባበራት።

ያሊንግ ሆዷን ይዛ ተነሣች። «እማማ፣ ብዪ ብዪ ያሉኝ እርስዎ አይደሉ?»

«እኔ ነኝ። አትብዪ የምልሽም እኔው ነኝ። አሁን ጸጉርሽን ስጪያት።»

«አልሰጥም! ክፉ ሰው ቢያገኘውስ?»

ጋሳዌ ሻሿን አውልቃ ጣለች። ሽበቷ እንደ ጥጥ ተዘረገፈ። ከነርሷ እጅ መቀስ ነጥቃ፣ በሰው ሁሉ ፊት ከመሃል አናቷ ጭብጥ ሙሉ ቆረጠች።

«መተተኛ ካለ በእኔ ይጀምር! ጌታዬ ከእሱ ይበልጣል።»

«ቡቡ፣ ይህን ያህል እኮ አያስፈልግም!» አለች ሲስተር ኬላ።

ያሊንግ የአማቷን የተቦጨቀ አናት አይታ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እየሳቀች መጥታ፣ አንገቷን ዝቅ አደረገች።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ የመጣው የያሊንግ ውጤት ከፍ ያለ ነበር፤ የውሻውን ግን አያክልም። «በጊዜ ደርሰንበታል፤ ከእንግዲህ ትንንሾቹን ዓሣ ብቻ» አለች ነርሷ። ጋሳዌ በዚያ ቀን ጉንጯ እስኪርስ ፈጣሪዋን አመሰገነች።

በሳምንቱ ልጇ ክንድ የሚያህል ባራሙንዲ ተሸክሞ መጣ።

«እናቴ፣ ይሄን ታዲያ ማን ይበላዋል?»

«ወደዚህ በል» አለች ጋሳዌ፣ ቢላዋዋን እየሳለች። «እኔ እንደሁ ከእንግዲህ አልወልድ!»