ፋንድያ ተሸካሚዋ አማላጅ

ሰፊው ሕዝብ ሆይ፣ ጆሮህን አቅና! ቁመቷ ከመጥረጊያዋ እጀታ የማይበልጠው፣ ዕድሜዋን ፋንድያ በማንሳት የፈጀችው፣ በሰፈር ስሟ «እፍኝ» እየተባለች የምትጠራው ሴት፣ ከዛሬ ጀምሮ የአንድ ዘር ሙሉ አማላጅ መሆኗን እናውጃለን። የሚቃወም ካለ አካፋውን ይዞ ይቅረብ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በከተማችን መካነ እንስሳት፣ ከዝንጀሮዎቹ ቤት በስተጀርባ፣ አንዲት ሴት አውራሪስ ትኖራለች። ወገኖቿ ከዱር ተጠራርገው ሊያልቁ አንድ ሐሙስ ነው የቀራቸው። ጥፋታቸው ቀንድ ይዘው መፈጠራቸው ነው፤ ቀንዳቸውን የፈለገ አንገታቸውን አልማረም። ስለዚህ ከሌላ መካነ እንስሳት አንድ ወንድ በውሰት መጣላት። ካልወለዱ ወንዱ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ እሷም ዕድሜዋ እየገፋ ነውና ዘሯ እዚያው አጥር ውስጥ ያበቃል።

አውራሪስ ደግሞ ብቸኛ ፍጥረት ነው። ዓይኑ ደካማ፣ አፍንጫው ሊቅ። እንግዳን የሚያውቀው በፋንድያው ሽታ ነው። በመሆኑም የእፍኝ ሥራ ጠዋት ጠዋት የወንዱን ፋንድያ በጋሪ ገፍታ ወደ ሴቷ በረት ማድረስ፣ የሴቷን ደግሞ ወደ ወንዱ መመለስ ሆነ። ዶክተሯ፣ የእንስሳቱ ሐኪም ማለት ነው፣ «መተዋወቂያ» ትለዋለች። እፍኝ ግን «የፍቅር ደብዳቤ» ነው የምትለው። ደብዳቤው ይከብዳል፤ ይሸታልም። የብዙ ሰው ደብዳቤም ይሸታል፤ ፖስታው ሸፍኖለት ነው እንጂ።

ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነው። ማታ በር ላይ ይጠብቃትና፣ «ጫማሽን እዚያው! ልብስሽንም እዚያው! አንቺንም እዚያው ብተውሽ በወደድኩ!» ይላታል።

«አንተ ሰውዬ፣ የጠረግከው ፀጉር መቼ ወልዶ ያውቃል? የእኔ ጥራጊ ዘር ያተርፋል!»

ውሸት አታውቅም፤ ጉራ ግን ትወዳለች። በዚያች ሚጢጢ ገላ ውስጥ ያን ሁሉ ጉራ ማን እንደጠቀጠቀው ፈጣሪ ይወቅ።

ጉራዋ አንድ ጊዜ ዋጋ አስከፍሏታል። ወንዱ በመጣ ሰሞን «ዛሬ ሰርጋቸውን አያለሁ» ብላ፣ ዶክተሯን አጣድፋ፣ በሁለቱ በረቶች መካከል ያለውን በር አስከፈተች። ሴቷ ተወርውራ ወንዱን ጎኑ ላይ ወጋችው። ውሃ በጎማ ተለቆባቸው ነው የተላቀቁት። ቁስሉ ዳነ፤ ጠባሳው ግን ዛሬም አለ። በዚያ ጠባሳ አጠገብ ስታልፍ ብቻ ነው እፍኝ ድምፅዋን ዝቅ የምታደርገው። ከዚያ ወዲህ ከዶክተሯ ጋር ሕግ አወጡ፦ በሩ የሚከፈተው ሴቷ በገዛ እግሯ አጥሩ ድረስ መጥታ፣ አፍንጫዋን በብረቱ መሃል አሹልካ፣ ያን ግዙፍ ገላዋን የማይመጥን ቀጭን ፉጨት ስታሰማ ብቻ ነው።

ይህ በእንዲህ እንዳለ የመካነ እንስሳቱ ዳይሬክተር ተነሣ። ዳይሬክተሩ የታወቀ የሪባን ሰው ነው፤ ቧንቧ ቢጠገን እንኳ ሪባን ሳይቆርጥ ውሃ አይለቅም። የአውራሪሶቹን ሰርግ ላስመርቅ ብሎ እንግዳ ጠራ፤ ድንኳን አስተከለ፤ በሁለቱ በረቶች መካከል ባለው በር ላይ ቀይ ሪባን አሳሰረ። ካሜራ መጣ። ንግግሩም መጣ፤ መጥቶም አልሄድ አለ። በስንት መከራ ሲያልቅ ሪባኑ ተቆረጠ፤ ተጨበጨበ።

«ክፈቺ» አላት።

እፍኝ ቁልፉን ጨብጣ በሩ ሥር ቆማለች። ሴቷ አውራሪስ ለተከበሩት እንግዶች ጀርባዋን ሰጥታ ቅጠሏን ታኝካለች።

«አልከፍትም፣ ጌታዬ።»

«ምን አልሽ?»

«ሙሽራዋ እሺ አላለችም።»

ከኋላ ወንበር ሳቅ ፈነዳ። የዳይሬክተሩ ፊት ሪባኑን መሰለ። ጠጋ ብሎ በጥርሱ መሃል፣ «ስሚ አንቺ ሴትዮ፣ ነገ ሥራ አለኝ ብለሽ እንዳትመጪ!» አላት።

«ታዲያ ነገ ፋንድያውን ማን ሊያነሳው ነው? እርስዎ? ይምጡ፣ ጋሪውን እኔ እይዝልዎታለሁ።»

ዶክተሯ መጥታ ከጎኗ ቆመች። «እኔም አይከፈት ነው የምለው። ቢዋጉና አንዳቸው ቢሞቱ ካሜራው እዚሁ ነው» አለች።

ዳይሬክተሩ ዞሮ ካሜራውን አየ። ሹም ሁሉን ነገር ይዘነጋል፤ ካሜራን ግን አይዘነጋም። እንግዶቹ ኬካቸውን በልተው ተበተኑ።

የዚያን ዕለት ማታ ባሏ ጫማዋን ሳያስወልቃት አስገባት።

«በሕዝብ ፊት አልከፍትም አልሽው?»

«በሕዝብ ፊት!»

«ካባረረሽ አትጨነቂ፣ እኔ ጋ ፀጉር ትጠርጊያለሽ።»

«ፀጉር? ይቅርብኝ፤ ከማዕረጌ ዝቅ ያደርገኛል።»

አላባረራትም። ያን ጋሪ የሚገፋ ሌላ ሰው አልተገኘማ!

ከዚያ አንድ ዝናባማ ጠዋት፣ ሪባንም ካሜራም በሌለበት፣ ሴቷ ቅጠሏን ትታ ወደ አጥሩ መጣች። አፍንጫዋን አሾለከች። አፏጨች። እፍኝ ዶክተሯን ጠርታ፣ የውሃውን ጎማ አዘጋጅታ በሩን ከፈተች። ሁለቱ ተሸታተቱ፤ ተጋፉ፤ ከዚያም ያ ሁሉ ክብደት ጎን ለጎን ጭቃው ላይ ቆመ። የቀረውን አልነግርህም፤ የሰው ጓዳ አይነገርም።

አሁን ዶክተሯ «ሳታረግዝ አትቀርም» ትላለች፤ «አርግዛለች» ግን አትልም። የአውራሪስ እርግዝና ከዓመት ያልፋል፤ ሊጨነግፍም ይችላል። የወንዱም የውሰት ጊዜ እያለቀ ነው። ቢወለድስ ማንን ያገባል? ይህን ዶክተሯም አታውቅም። እፍኝ ግን ከወዲሁ ደረቷን ነፍታ «አያት ልሆን ነው» እያለች ሰፈሩን ትዞራለች። ማን ይከለክላታል? በዓለም ላይ ስንት ሰው ነው አንድ ዘር ሊያበቃ ሲል በጋሪ ገፍቶ ነገን ያሳየው?

ዳይሬክተሩም አዲስ ሪባን ገዝቷል አሉ፤ ለግልገሉ ልደት።

እንግዲህ ሰፊው ሕዝብ፣ አንድ ልመና አለኝ። በዚያ ስታልፍ አጥሩን አትደብድብ፤ ብስኩት አትወርውር። ጋሪ የምትገፋ አጭር ሴት ብታገኝ አፍንጫህን ሳትይዝ መንገድ ልቀቅላት። ምናልባት ደግሞ ያ ሰውዬ ሪባኑን አንጠልጥሎ ወደ በረቱ ሲሄድ በአጠገቡ ከቆምክ፣ እባክህ፣ ያን መቀስ ከእጁ ቀማልኝ።